ተጨማሪ የጤና ኢንሹራንስ በአሜሪካ፦ ለወታደር ቤተሰብና ለሲቪል ሠራተኛ የቱ ይጠቅማል?

በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ሳጥኑ በኢንሹራንስ ወረቀት ይሞላል፤ ስልኩም አያርፍም። የፌዴራል ሠራተኞችና የወታደር ቤተሰቦች ለቀጣዩ ዓመት የጤና ሽፋናቸውን የሚመርጡበት ወቅት ነው። በኖቬምበር ሁለተኛው ሙሉ ሳምንት ሰኞ ይከፈትና በዲሴምበር ሁለተኛው ሙሉ ሳምንት ሰኞ ይዘጋል። ብዙ የግል ድርጅቶችም የሠራተኞቻቸውን ምዝገባ በዚያው ሰሞን ያካሂዳሉ። ከዋናው ሽፋን ጎን ደግሞ «ሰፕሊመንታል» የሚባለው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይቀርባል፤ ወርሃዊ ክፍያው ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርማል።

በዚህ አንድ ስም የሚሸጡት ነገሮች ግን እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ለአንዱ ቤተሰብ ከብዙ ዕዳ የሚያድነው ፖሊሲ ለሌላው በየወሩ በከንቱ የሚወጣ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ዋናው ኢንሹራንስ የተወው ክፍተት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ክፍተቱ የት እንዳለና ስንት ዶላር እንደሆነ ነው።

«ተጨማሪ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዋናው ኢንሹራንስ ጋቢ ከሆነ ተጨማሪው ነጠላ ነው፤ ጋቢው ላይ ሲደረብ ይሞቃል፣ ብቻውን ግን ብርድ አያስጥልም። ዋና ሽፋን የሌለው ሰው በተጨማሪ ፖሊሲ ብቻ ሆስፒታል ቢገባ አብዛኛው ቢል በራሱ ላይ ይወድቃል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የዋናውን ኢንሹራንስ ቢል ተከትሎ ይሄዳል፦ ዋናው ከከፈለ በኋላ በእርስዎ ላይ የቀረውን ድርሻ በሙሉ ወይም በከፊል ይከፍላል። ትራይኬር በሚባለው የወታደር ቤተሰቦች ሽፋን ላይ የሚደረበው የትራይኬር ሰፕሊመንትና፣ ሜዲኬር (መንግሥት በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ላላቸው የሚሸጠው ሜዲጋፕ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ቢሉን አያይም። አንድ ነገር ሲደርስብዎ፣ ማለትም አደጋ፣ የሆስፒታል መኝታ ወይም እንደ ካንሰርና የልብ ድካም ያለ ከባድ ሕመም ሲያጋጥም፣ አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ በእጅዎ ይሰጣል። በዚያ ገንዘብ የሐኪም ቢልም የቤት ኪራይም መክፈል ይቻላል። ለሲቪል ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሳይገቡን የማናልፋቸው አምስት ቃላት

ፕሪሚየም (አረቦን) ታመሙም አልታመሙም በየወሩ የሚከፈለው ነው። ዲዳክቲብል ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ውስጥ ከራስዎ ኪስ የሚወጣው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። ኮፔይ ለአንድ ጉብኝት የተቆረጠ ዋጋ ሲሆን፣ ኮኢንሹራንስ ደግሞ ከቢሉ በመቶኛ የሚደርስብዎ ድርሻ ነው።

አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ የዓመቱ ጣሪያ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከኪስዎ የሚወጣው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀሪውን የተሸፈነ ሕክምና ዋናው ኢንሹራንስ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። የኢንሹራንስ ሻጮች ስለ ትልልቅ የሆስፒታል ቢሎች ሲያወሩ ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ አያነሱም። የመቶ ሺህ ዶላር ቀዶ ሕክምና ያስፈራል፤ የቤተሰቡ ጣሪያ 1,000 ዶላር ከሆነ ግን ለተሸፈነ ሕክምና ሕጉን ጠብቆ እስከሄደ ድረስ ያለበት ስጋት 1,000 ዶላር ነው።

የወታደር ቤተሰብ በእጁ ምን አለው?

ትራይኬር የአሜሪካ መከላከያ ለወታደሮች፣ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጠው የጤና ሽፋን ነው። መግቢያው ዲርስ የሚባለው መዝገብ ነው። ወታደሩ ቢያገባም ቢወልድም ቤተሰቡ እዚያ ካልተመዘገበ ሽፋኑ አይሠራም። ከኢትዮጵያ ለመጣች የትዳር ጓደኛ የጋብቻ ሰርተፍኬትና የልደት ማስረጃ ይጠየቃል፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም መያያዝ አለበት። ከጋብቻ፣ ከልደት ወይም ከመሰል ለውጥ በኋላ ፕላን ለመምረጥ ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው። ካመለጠ እስከ ኖቬምበሩ ምዝገባ መጠበቅ ሊኖርብዎ ይችላል።

በሥራ ላይ ያለው ወታደር ራሱ ለሕክምናው አይከፍልም፤ ሰፕሊመንትም አያስፈልገውም። ቤተሰቡ በዋናነት የሚመርጠው ከሁለት ነው። ትራይኬር ፕራይም ላይ የተመደበ ሐኪም አለ፤ ወደ ስፔሻሊስት የሚኬደው በእርሱ ሪፈራል ነው። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ቤተሰብ ይህን ሥርዓት ተከትሎ ከሄደ ለሐኪም ጉብኝትና ለሆስፒታል ምንም አይከፍልም። ትራይኬር ሴሌክት ላይ ያለሪፈራል የፈለጉት ሐኪም ጋ መሄድ ይቻላል፤ በምላሹ ዲዳክቲብልና ኮፔይ አለ።

የሚከፈለው መጠን ወታደሩ መጀመሪያ አገልግሎት በገባበት ቀን ይወሰናል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 በፊት የገባው «ግሩፕ ኤ»፣ ከዚያ ወዲህ የገባው «ግሩፕ ቢ» ይባላል። በግሩፕ ኤ ሴሌክት የኢ-4 ማዕረግና ከዚያ በታች ያለ ወታደር ቤተሰብ ዲዳክቲብል ለአንድ ሰው 50፣ ለቤተሰብ 100 ዶላር ነው፤ ከኢ-5 ጀምሮ 150 እና 300 ይሆናል። በሥራ ላይ ያለ የግሩፕ ኤ ወታደር ቤተሰብ የዓመት ጣሪያ 1,000 ዶላር ነው። ግሩፕ ቢ በ2018 ከዚሁ ቁጥር ጀምሮ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር እየጨመረ ይሄዳል።

ጡረተኛ ላይ ሲደርስ ስዕሉ ይቀየራል። የግሩፕ ኤ ጡረተኛ በፕራይም ያለው ጣሪያ 3,000 ዶላር ነው። በሴሌክት ያለው በ2021 ወደ 3,500 ከፍ ካለ በኋላ በየዓመቱ ጨምሯል። የግሩፕ ቢ ጡረተኛ ጣሪያ ደግሞ ከዚህም ከፍ ያለ ነው። እውነተኛ ክፍተት የሚታየው ባብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ክፍተቱ በአንድ ቢል ላይ ሲታይ

በሴሌክት ላይ ያለ ጡረተኛ የዓመቱን ዲዳክቲብል ጨርሷል እንበል። ከትራይኬር ጋር ውል የሌለውና የትራይኬርን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ የማይቀበል ሐኪም ጋ ሄደ። ሐኪሙ 200 ዶላር ጠየቀ፤ ለዚያ ሕክምና ትራይኬር የሚቀበለው ዋጋ ግን 150 ነው። ትራይኬር የ150ውን 75 በመቶ፣ ማለትም 112 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። 25 በመቶው፣ 37 ዶላር ከ50፣ የጡረተኛው ነው።

ነገሩ እዚያ አያበቃም። እንዲህ ያለው ሐኪም ትራይኬር ከተቀበለው ዋጋ በላይ እስከ 15 በመቶ መጨመር ሕጉ ይፈቅድለታል። የ150 ዶላር 15 በመቶ 22 ዶላር ከ50 ነው። ስለዚህ ከጡረተኛው ኪስ በጠቅላላ 60 ዶላር ይወጣል። ይህ 22 ዶላር ከ50 ደግሞ ወደ ዓመቱ ጣሪያ አይቆጠርም፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢከፈል ጣሪያው አይደርስለትም። የትራይኬር ሰፕሊመንት 37 ዶላር ከ50ውን ይሸፍናል። የ15 በመቶውን ጭማሪ አንዳንዱ ፖሊሲ ይከፍላል፣ አንዳንዱ አይከፍልም። ሻጩን በቅድሚያ መጠየቅ ያለብዎ ይህንን ነው።

ሌላው ጣሪያ የማያውቀው ወጪ ፕራይም ላይ ሆኖ ያለሪፈራል ስፔሻሊስት ጋ መሄድ ነው። ለአንድ ሰው 300፣ ለቤተሰብ 600 ዶላር ዲዳክቲብል ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላም የተፈቀደው ዋጋ ግማሽ በታካሚው ላይ ይወድቃል። የዚህ መድኃኒቱ ሌላ ኢንሹራንስ መግዛት አይደለም፤ ወደ ተመደበው ሐኪም ደውሎ ሪፈራሉ መጽደቁን ከቀጠሮው በፊት ማረጋገጥ ነው። ይህንን አንድ የስልክ ጥሪ ባለማድረግ ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ትራይኬር በጭራሽ የማይሸፍነው ሕክምና ሲሆንም ሰፕሊመንቱ በአብዛኛው አይረዳም። ሥራው የዋናውን ቀሪ መክፈል ነውና፣ ዋናው ካልከፈለ ቀሪ የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ የትራይኬር ሰፕሊመንት ለማን ያዋጣል?

በፕራይም ላይ ላለና ሪፈራሉን ለሚጠብቅ የወታደር ቤተሰብ አያዋጣም፤ የሚሸፈን ቢል የለውምና። የሚታሰብበት 65 ዓመት ያልሞላው በሴሌክት ላይ ያለ ጡረተኛ፣ በተለይ ሥር የሰደደ ሕመም ኖሮበት በየወሩ ሐኪም የሚያይ ወይም በአካባቢው ከትራይኬር ጋር ውል ያለው ሐኪም የማያገኝ ከሆነ ነው። ስሌቱ አጭር ነው፦ ባለፈው ዓመት ከኪስ የወጣውን ከትራይኬር በሚላከው የክፍያ ማብራሪያ ወረቀት ላይ ደምሩ፤ የሰፕሊመንቱን የአሥራ ሁለት ወር ክፍያና የራሱን ዲዳክቲብል ካለው አጠገቡ ጻፉ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ በተለይም ወደ ጣሪያው ከተጠጋ፣ መግዛቱ ትርጉም የለውም።

ፖሊሲው ከመግዛትዎ በፊት የነበረ ሕመምን ለተወሰኑ ወራት የማይከፍልበት አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ አንቀጽ ከዋጋው ይበልጣል።

አንዳንድ አሠሪዎችም ይህን ሰፕሊመንት ያቀርባሉ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ከ2008 መጀመሪያ ጀምሮ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ትራይኬር ያለውን ሠራተኛ «የእኛን ኢንሹራንስ ተው፣ ገንዘብ እንሰጥሃለን» ብሎ ማባበል አይችልም። ሰፕሊመንቱን ማቅረብ ቢችልም ክፍያውን የሚሸፍነው ሠራተኛው ራሱ ነው። አሠሪው በግማሽ እንደሚያግዝ ቃል ከገባ ወረቀቱን ደግመው ይዩት።

65 ሲሞላስ?

ሜዲኬር ፓርት ኤ (የሆስፒታል ሽፋን) እና ፓርት ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ሽፋን) ያለው የወታደር ጡረተኛ «ትራይኬር ፎር ላይፍ» ያገኛል። ሜዲኬር መጀመሪያ ይከፍላል፤ ትራይኬር ቀሪውን ተከትሎ ይከፍላል። ከፓርት ቢ ክፍያ በቀር ሌላ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ሜዲጋፕ የሚሠራውን ሥራ በነፃ የሚሠራ ስለሆነ ለእነዚህ ሰዎች ሜዲጋፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ግን በየዓመቱ ይሸጥላቸዋል። መጠንቀቅ ያለባቸው ፓርት ቢን በጊዜው መመዝገብ ላይ ነው። ያለ ፓርት ቢ ጡረተኛው ትራይኬሩን ያጣል፤ ዘግይቶ ሲመዘገብም በእያንዳንዱ የዘገየ 12 ወር የፓርት ቢ ክፍያው 10 በመቶ ይጨምርበታል።

በመከላከያ የሚሠራ ሲቪል ሠራተኛ ትራይኬር አለው?

የለውም። በወታደር ካምፕ ውስጥ መሥራት ብቻውን ትራይኬር አያሰጥም። የፌዴራል ሲቪል ሠራተኛ ሽፋን ኤፍ.ኢ.ኤች.ቢ. ይባላል። መንግሥት ከፕሪሚየሙ አብዛኛውን ይከፍላል፤ ለአንድ ፕላን ከ75 በመቶ አያልፍም። ይህን ሽፋን ይዞ ጡረታ ለመውጣት ከጡረታ በፊት ባሉት አምስት ተከታታይ ዓመታት ሽፋን ውስጥ መቆየት ግዴታ ነው።

ወታደራዊ ጡረታ ኖሮት በሲቪልነት የሠራ ሰው ሁለተኛውን ጡረታ ሲወጣ ኤፍ.ኢ.ኤች.ቢ.ን ትቶ በትራይኬር ብቻ መቆየት ይችላል። ፎርሙ ላይ «ይታገድልኝ» እንጂ «ይሰረዝልኝ» እንዳይል መጠንቀቅ አለበት። ያገደ በኋላ ተመልሶ መግባት ይችላል፤ የሰረዘ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ይዘጋበታል።

በናሽናል ጋርድ ወይም በሪዘርቭ (በተጠባባቂ ጦር) የሚያገለግል የፌዴራል ሲቪል ሠራተኛም አለ። ለሪዘርቭ የሚሸጠው ርካሽ የትራይኬር ፕላን ኤፍ.ኢ.ኤች.ቢ. የማግኘት መብት ላለው ሰው ዝግ ነው፤ የወጣው ሕግ የሚከፍተው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2030 ጀምሮ ነው።

በግል ድርጅት ለሚሠራው ሠራተኛስ?

በሆስፒታል፣ በኤርፖርት፣ በሆቴል ወይም በመጋዘን የሚሠራ ሰው ዋና ኢንሹራንሱ ትልቅ ዲዳክቲብል ሊኖረው ይችላል። በ2025 ሕጉ የፈቀደው የዓመት ጣሪያ ለአንድ ሰው እስከ 9,200፣ ለቤተሰብ እስከ 18,400 ዶላር ነበር። ከወታደሩ ቤተሰብ 1,000 ዶላር ጋር ሲነጻጸር ክፍተቱ በጣም ሰፊ ነው። ገንዘብ በእጅ የሚሰጡት ፖሊሲዎች ጥቅም የሚኖራቸው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሆስፒታል ፖሊሲው ለመግቢያ 1,000፣ ለእያንዳንዱ የመኝታ ቀን 200 ዶላር ይሰጣል፤ ወርሃዊ ክፍያው 30 ዶላር ነው። ሦስት ቀን የተኛ ሰው 1,600 ዶላር ያገኛል፤ በዓመት የከፈለው 360 ነው። ዲዳክቲብሉ 3,000 ከሆነ ግማሹን ያህል ተሸፈነለት ማለት ነው። ሳይታመም አምስት ዓመት ከቆየ ግን 1,800 ዶላር ከፍሏል። ያንን ገንዘብ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ቢያስቀምጠው ይሻለዋል። ድንገት 2,000 ዶላር ቢጠየቅ ከየትም ማምጣት የማይችል ሰው ግን ፖሊሲውን መያዙ ተገቢ ነው።

ፖሊሲው ሳይከፍል የሚቀርበት በጣም የተለመደው ምክንያት «ኦብዘርቬሽን» የሚባለው ነው። ታካሚው አልጋ ላይ አድሯል፣ ሴረም ተሰክቶለታል፣ ምግብ ቀርቦለታል፤ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ግን «ለክትትል የቆየ» እንጂ «የተኛ» አይባልም። ፖሊሲው የሚከፍለው ለተኛ ሰው ብቻ ከሆነ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል። ሆስፒታል ሳሉ «ተኝቻለሁ ወይስ ኦብዘርቬሽን ላይ ነኝ?» ብለው ነርሷን ወይም የኬዝ ማኔጀሩን ይጠይቁ፤ ፖሊሲ ሲገዙም ለኦብዘርቬሽን ይከፍል እንደሆነ ያጣሩ።

ወሊድ ሁለተኛው ነው። ብዙ ፖሊሲዎች ከመጀመሩ በፊት ለተፀነሰ እርግዝና አይከፍሉም፤ ለመውለድ ያሰበ ቤተሰብ ከእርግዝና በፊት መመዝገብ አለበት። ሦስተኛው ሰው የሚረሳው ነው፦ ፖሊሲው በራሱ ተከታትሎ አይከፍልም። የሆስፒታሉን ዝርዝር ቢልና የመውጫ ወረቀት አያይዞ የክፍያ ጥያቄ ማቅረብ የታካሚው ፈንታ ነው። ፖሊሲ እንዳላቸው ዘንግተው ገንዘቡን ሳይጠይቁ የሚቀሩ አሉ።

ከታክስ በፊት ከደመወዝ የሚቆረጥ ፕሪሚየም መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከተከፈለ ከትክክለኛው የሕክምና ወጪ በላይ የሚያገኙት ገንዘብ ታክስ ይከፈልበታል። ከታክስ በኋላ የከፈለ ሰው ይህ አይመለከተውም።

ባል ወታደር፣ ሚስት ሲቪል ሠራተኛ ስትሆን

በመሥሪያ ቤቷ ኢንሹራንስ ከገባች ያ መጀመሪያ ይከፍላል፤ ትራይኬር ሁለተኛ ይሆናል። ይህ ሁለተኛ ኢንሹራንስ ለትራይኬር መነገር አለበት። ካልተነገረ የተከፈለው ቢል ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል። የትራይኬር ሰፕሊመንት ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ሁልጊዜ ከትራይኬር በኋላ ይመጣል።

ኤች.ኤስ.ኤ. የሚባለው ከታክስ ነፃ የጤና ቁጠባም ይጠንቀቁበት። ትራይኬር ያለው ሰው ወደዚህ ቁጠባ ገንዘብ ማስገባት አይፈቀድለትም፤ መሥሪያ ቤቷ ከፍተኛ ዲዳክቲብል ያለው ፕላን ከኤች.ኤስ.ኤ. ጋር ቢሰጣትም ትራይኬር እስካላት ድረስ መቆጠብ አትችልም። የአደጋና የሆስፒታል ገንዘብ የሚሰጡት ፖሊሲዎች ግን ቁጠባውን አይከለክሉም።

ጥርስና ዓይን

ጥርስ የትራይኬር ዋና ሽፋን ውስጥ የለም። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ቤተሰብ የትራይኬር የጥርስ ፕሮግራምን ይገዛል። ጡረተኞች ከ2019 ጀምሮ የሚገዙት የፌዴራል ሲቪል ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ፌድቪፕ በሚባለው የጥርስና የዓይን ኢንሹራንስ ፕሮግራም በኩል ነው። ለዓይን ደግሞ የወታደር ቤተሰቦችም በዚያው ይገባሉ። ፌድቪፕ ሙሉ በሙሉ በራስ ክፍያ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ቤተሰብ ለሚገዛው የጥርስ ፕሮግራም ግን መንግሥት የፕሪሚየሙን ከፊል ይከፍላል። ጥርስ ላይ በየዓመቱ የሚከፈለው ወሰን አለው፤ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) የሚያስፈልገው ልጅ ካለ የመጠበቂያ ጊዜ እንዳለው ማጣራት ግድ ይላል።

ወላጆችን አምጥቶ ማሳከምና ወደ አገር ቤት ሲሄዱ

የወታደር እናትና አባት በወታደሩ እጅ ቢተዳደሩም ትራይኬር ፕራይም ወይም ሴሌክት አያገኙም። ጥገኝነታቸው ጸድቆ መታወቂያ ከወጣላቸው በወታደር ሆስፒታል ቦታ ሲገኝ ብቻ ይታያሉ። በግሪን ካርድ የመጡ ወላጆች በግዛቱ የኢንሹራንስ ገበያ ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ ከመጡ በኋላ ያላቸው የምዝገባ ጊዜ 60 ቀን ነው። ዕድሜያቸው 65 ሞልቶ በግሪን ካርድ አምስት ተከታታይ ዓመት ከኖሩ ሜዲኬርን በክፍያ መግዛት ይችላሉ። ለጉብኝት የመጡ ወላጆች የሚገዛላቸው የጎብኚ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የቆየ ሕመምን አይሸፍንም፤ ለቆየ የስኳር ሕመምና ለደም ግፊት ክትትል የታሰበ አይደለም።

ትራይኬር ያለው ቤተሰብ ለጥየቃ አዲስ አበባ ሄዶ ድንገት ቢታመም ሽፋኑ አብሮት ይሄዳል። አሠራሩ ግን ይለያል፦ በክሊኒኩ በራስ ገንዘብ ይከፈላል፣ በኋላ ይጠየቃል። አሜሪካ ውስጥ የታከመ ሰው የክፍያ ጥያቄውን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ሲኖርበት ከአሜሪካ ውጭ ለታከመ ሦስት ዓመት ይሰጣል። የሚጠየቀው ሕክምናውና ዋጋው የተዘረዘረበት ቢልና ገንዘቡ በእርግጥ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በጥሬ ብር ሲከፈል ማኅተም ያለበት ደረሰኝ፣ የታካሚው ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ተጽፎ፣ የምርመራው ውጤትና ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰፍሮ ከክሊኒኩ ሳይወጡ ይቀበሉ። በቤተሰብ ሰው ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ወይም «ለሕክምና» ብቻ የሚል ወረቀት ተመላሽ ይሆናል፤ ከአሜሪካ ሆኖ ማስተካከል ደግሞ ወራት ይፈጃል።